ጫማ ስለ መግዛት

መጋዘኑ ገና ስንዴ ስንዴ ይሸት ነበር። ድሮ የእርዳታ እህል ይከማችበት የነበረ፣ ሰቆጣ ዳር ላይ የቆመ የድንጋይ ቤት ነው። በምርጫው ዓመት የሚታሰረው ሰው ሲበዛ መደበኛው ቦታ ሞላና እኛን እዚያ አስገቡን። በሩ ተከፍቶ ከኋላዬ ስገፋ መጀመሪያ የታየኝ ሰው ሳይሆን እግር ነው፤ በግድግዳው ዙሪያ የተዘረጋ የብዙ ሰው እግር። በቆርቆሮው የምስማር ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን እግሮቹ ላይ ነጠብጣብ ጥሎባቸዋል። የጫማዬን ማሰሪያ በር ላይ ስለ ወሰዱብኝ ጫማዬ እየወለቀ፣ እግሬን እየጎተትኩ ገባሁ። የት እንደምቆም ግራ ገባኝ።

አዲስ ገቢ ቁጭ ከማለቱ በፊት በሩ አጠገብ ቆሞ ይናገራል። አገሩን፣ ሥራውንና ጉዳዩን። የሚጠይቀው ካቦው ነው፤ እስረኞቹ ራሳቸው የመረጡት የክፍሉ አለቃ። የእኛ ካቦ ድሮ ወታደር የነበረ፣ በኋላ አምደወርቅ ገበያ ጨው የሚነግድ፣ ሰውነቱ ትንሽ ድምፁ ትልቅ የሆነ ሰው ነበር።

"አገርህ?"

"ጋዝጊብላ።"

"ሥራህ?"

"የውኃ ጉድጓድ የሚቆፍረው መኪና ላይ መካኒክ ነኝ።"

"ደግ። ጉዳይህስ?"

የወለቀ ጫማዬን በእግሬ መልሼ አጠለቅኩ። "መጽሐፍ ነው" አልኩ በመጨረሻ።

ከወዲያ ጥግ የተወሰኑ ሰዎች ቀና አሉ። መጽሐፍ ሲባል የተከለከለ ነገር መስሏቸዋል፤ በዓይናቸው ሲያከብሩኝ ታወቀኝ። አንዱ እንዲያውም ቦታ ሊለቅልኝ ተንቀሳቀሰ።

"የምን መጽሐፍ?" አለ ካቦው፣ ያን ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"የጃፓንኛ መማሪያ።"

ከዚያ መጋዘኑ በሳቅ ተናጋ። ከተያዙ ወዲህ እንዲያ የሳቁ አይመስለኝም። ከማዶ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ገበሬ እንባቸውን በጋቢያቸው ጠርዝ ጠረጉ። ካቦው ሳቁን እንደ ምንም ውጦ፣ "ደግሞ ጃፓን ምን አደረገቻቸው?" አለና የሽንት ባልዲው አጠገብ ያለውን ቦታ አሳየኝ። "በል ጃፓን፣ እዚያ ጋ ነህ።" አዲስ ገቢ ከባልዲው ነው የሚጀምረው፤ ይህ እኔን ለማዋረድ የተደረገ አልነበረም። ስሜ ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጃፓን ሆነ።

መታሰሩ ራሱ ያን ያህል አላሳፈረኝም። ያሳፈረኝ ጉዳዬ ነው። በግራዬ የሚተኛው መምህር፣ ያላየሁትን የድምፅ ቆጠራ አይቻለሁ ብዬ አልፈርምም ብሎ የታሰረ ነው። እንባቸውን የጠረጉት ገበሬ ገበያ መሐል የተናገሩትን ቃል አልተናገርኩም ይበሉ ቢባሉ "ብያለሁ" ብለው የገቡ ናቸው። እኔ ስብሰባ አልሄድኩም። ወረቀት አልበተንኩም። የምርጫው ቀን እንኳ ሰልፉ ረዝሞብኝ ድምፅ ሳልሰጥ ወደ ቤቴ ተመልሼ ትምህርቴን ነው ያጠናሁት። ሰው ለአገሩ ሲታሰር እኔ "ይህ ጃንጥላ ነው፣ ያ ጃንጥላ አይደለም" ስል ተያዝኩ። ይህንን ለማን ይነግሩታል?

ነገሩ የጀመረው ከመኪናው ነው። ጉድጓድ የምንቆፍርበት መኪና ከጃፓን የመጣ ነበር፤ ከጽጽቃ እስከ አምደወርቅ ይዘነው ዞረናል። በሆዱ፣ በበሩ፣ በየመዘውሩ ሥር የእነሱ ጽሕፈት አለበት። ቀይ መብራት ሲበራ ሁላችንም እርስ በርሳችን እንተያያለን። ኦፕሬተሩ በስመ አብ ብሎ በግምት አንዱን ይጫናል። አንዳንዴ ይሠራል፤ አንዳንዴ ደግሞ መኪናው ድርግም ብሎ ይቆምና፣ ውኃ ይወጣል ብለው ሲጠብቁ የዋሉት ሴቶች ባዶ ጀሪካናቸውን ይዘው ይመለሳሉ። እነሱ ምንም አይሉንም ነበር። ዝም ብለው መሄዳቸው ይባስ ያሳቅቀኛል። አንድ ጊዜ ለመለዋወጫ ደሴ ተልኬ ሳለሁ፣ መንገድ ዳር አሮጌ መጽሐፍ ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰው ላይ ሁለት ቅጽ የጃፓንኛ መማሪያ አየሁ፤ አንዱ ስስ፣ አንዱ ወፍራም። ማብራሪያቸው በእንግሊዝኛ ነው። ሻጩ ምን እንደሆኑ አያውቅም። "የቻይና ነገር ነው መሰለኝ፤ ውሰዳቸውና ልረፍ" አለኝ።

ፊደሉ አላስቸገረኝም። እንደ እኛው በቤት በቤቱ ነው የሚሄደው፤ ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ። የፊደል ገበታ ሠርቼ የተከራየኋት ክፍል ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ማሰሪያ አንቀጻቸውም እንደ እኛው መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፤ ይህን ያወቅኩ ቀን በባዕድ አገር የአጎቴን ልጅ ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። ፊደሉን ይዤ ወደ መኪናው ሄድኩና አንድ መዘውር ሥር ያለውን ቃል ላብ በላብ ሆኜ አነበብኩ፤ "ባሩቡ" ይላል። ምን ይሆን ብዬ ሳወጣ ሳወርድ ከረምኩ። ለካ ቫልቭ ኖሯል። ቫልቭ መሆኑንማ ድሮም እናውቃለን። የቀረው ጽሕፈት ሁሉ ሥዕል በሚመስለው በሌላኛው ዓይነት ነው፤ እሱ ሌላ ተራራ ነው፣ በወፍራሙ መጽሐፍ ውስጥ ያለ።

ስሱን መጽሐፍ ለመጨረስ ዓመታት ፈጀብኝ። አስተማሪ የለኝም። የማጥናት መንገድ የማውቀው አንድ ብቻ ነው። ልጅ ሳለሁ አባቴ የቄስ ትምህርት ቤት አስገብተውኝ ዳዊት እስክደግም ድረስ ተምሬያለሁ፤ ወደ ዘመናዊው የዞርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ጃፓንኛውንም የያዝኩት በውርድ ንባብ ነው፤ የኔታ እንዳስተማሩኝ፣ በዚያው ዜማ፣ ድምፄን እየሰበርኩና እያነሣሁ፣ ገጹ በቃሌ እስኪገባ። ማለዳ ማለዳ ሳወርደው አከራዬ በግድግዳ ማዶ ይሰሙኛል። "ዳዊት የማይታጎልበት ተከራይ ሰጠኝ" እያሉ ለጎረቤት ያወሩ ነበር።

ማን እንደጠቆመብኝ አላወቅኩም። ቤቴን ሊፈትሹ የመጡት ፖሊሶች ግድግዳው ላይ ያለውን ገበታ ሲያዩ፣ "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አሉኝ። "ሀ ሁ ነው" አልኳቸው። እንዳላገጥኩባቸው ቆጠሩት።

መጋዘኑ ውስጥ መጽሐፍ አልነበረኝም፤ በቃሌ የያዝኩት ግን አብሮኝ ታስሯል። ረፋዱ ላይ ቆርቆሮው መጋል ሲጀምር፣ ሰው ሁሉ ሸሚዙን አውልቆ ዝም ሲል፣ ወደ ግድግዳው እዞርና በሹክሹክታ አወርዳለሁ። በድንጋዩ መሐል የቀረውን ነቀዝ እያየሁ። አብዝቼ የምለው ከስሱ መጽሐፍ ሰባተኛውን ትምህርት ነበር። አንዲት ሴት ጫማ ቤት ገብታ ጫማ ትገዛለች፤ ሌላ ነገር የለውም። ረጅም ስለሆነ ጊዜ ያሳልፍልኛል፣ ደግሞም እንደ ውኃ የማውቀው እሱን ነው። እስረኛው ለመደው። ካቦው ከወዲያ ሆኖ፣ "ጃፓን፣ ዛሬስ ገዛች?" ይለኛል።

"ገና እያማረጠች ነው።"

"አይ የሴት ነገር!"

ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ፊቴን ወደ ግድግዳው ስመልስ ግን ጉንጬ ይፋጃል።

የመጋዘኑ አዛዥ ክፉ ሰው ነበር ብዬ አልዋሽም። አለቆቹን የሚፈራ ሰው ነበር። መጽሐፎቼ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠዋል፤ በየጊዜው እያስጠራኝ ጽሕፈቱ ቋንቋ ሳይሆን ከውጭ ካሉ ሰዎች ጋር የምንላላክበት ምስጢር መሆኑን እንዳምንለት ይጠይቀኛል።

"እሺ፣ ጃፓንኛ ነው እንበል" አለኝ አንድ ቀን። "ጃፓንኛ ለሰቆጣ ሰው ምን ይሠራለታል?"

"መኪናው ላይ የተጻፈውን ለማንበብ ነው።"

"አነበብከው?"

"ቫልቭ የሚለውን።"

ትክ ብሎ አየኝ። "ይሄንን የሚመረምሩ ሰዎች ዘንድ፣ ሩቅ ነው የምልክህ" አለ። ሩቅ ማለት ምን እንደሆነ መጋዘኑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ከእኛ መሐል በመኪና ተጭነው የሄዱ ነበሩ፤ ወሬያቸውን ያመጣልን የለም። ስንቅ የሚያቀብል ዘመድም እዚያ አይደርስም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግቢው ውስጥ የመኪና ሞተር በተነሣ ቁጥር ስሜን ሊጠሩ ነው ብዬ በሩን አያለሁ።

አባቴ ይህንን ወሬ የሰሙት ስንቅ ሊያመጡ ሲመጡ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ብቻቸውን አልመጡም። ሁለት የሰፈር ሽማግሌ አስከትለው፣ ጎህ ሳይቀድ ከጋዝጊብላ ተነሥተው፣ ዋስ ሊሆኑኝ በእግራቸው መጡ። አባቴ ፊደል አይቆጥሩም። "ልጄ የባሕር ማዶ መጽሐፍ ያነባል" እያሉ ግን ሰንበቴ ላይ ያወሩ እንደነበር አውቃለሁ። የሰፈሩ ልጆች ወደ ዓረብ አገር ሲፈልሱ፣ የእሳቸው ልጅ ከሁሉም አልፎ የሚሄድ መስሏቸዋል። ይህንን ሳስብ ከባልዲው ሽታ ይልቅ የእሳቸው ኩራት ነበር የሚያሳምመኝ።

ግቢው መሐል አንድ ግራር አለ። አዛዡ ጥላው ሥር ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ ሦስቱ ሽማግሌዎች ፊቱ ድንጋይ ላይ ተደርድረዋል። እኔን ከመጋዘኑ አውጥተው ከጎን አቆሙኝ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው በኽምጣኛ ጥቂት ተነጋገሩና አንደኛው በአማርኛ ጀመሩ።

"እንደው ጌታው፣ ልጁን በዋስ ይስጡን። እኛ እናውቀዋለን፣ ከእጃችን ነው ያደገ። ባሉት ቀን ይዘነው እንመጣለን።"

"አባቶቼ፣ እኔ ልጁን ጠልቼው አይደለም" አለ አዛዡ። "ይሄ ጽሕፈት ምን እንደሆነ ማወቅ አለብኝ። እንግዲህ እናንተው ባላችሁበት ያንብበው። ቋንቋ ከሆነ እንደ ቋንቋ ይፈሳል፤ ሽማግሌ ሲናገር እንደሚፈሰው። ካልፈሰሰ ነገ ይሄዳል። ተስማማን?"

"ተስማማን" አሉ አባቴ ማንንም ሳይጠብቁ። ወደ እኔ ቀና ብለው እንኳ አላዩም። እንደማነበው አልተጠራጠሩም።

አዛዡ ወፍራሙን መጽሐፍ አነሣ። ስሱን ቢያነሣ ምንኛ ደግ ነበር። መሐሉን ከፈተና ሰጠኝ። ወፍራሙን ገና መጀመሬ ነበር፤ የከፈተው ገጽ ከደረስኩበት እጅግ ሩቅ ነው። ነጭ ሸማ ላይ ኑግ የተደፋ መሰለኝ። ከእነዚያ ሥዕል መሳዮች መሐል የማውቃቸው ትንንሽ ፊደላት ብቻ ብቅ ብቅ ይላሉ።

"…ኖ" አልኩ። "…ዋ። …ኒ።"

ቆምኩ።

"ይሄ ነው ቋንቋው?" አለ አዛዡ። በር ላይ የቆሙት ፖሊሶች ሳቁ። አባቴን አየኋቸው፤ እሳቸው የዱላቸውን ጫፍ ነው የሚያዩት። ያለ ጥርጥር ተስማማን ያሉት ሰው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት አልኩ።

ያን ጊዜ ዓይኔን ገጹ ላይ እንደተከልኩ አፌ በራሱ ጀመረ። ሰባተኛውን ትምህርት። "ሱሚማሴን፣ ኩትሱ ኦ ሚሴቴ ኩዳሳይ…" ይቅርታ፣ ጫማ ያሳዩኝ። መጀመሪያ ቀጥኖ ነበር የወጣልኝ። ሁለተኛው መስመር ላይ ትንፋሼ ተመለሰ፤ ከትንፋሹ ጋር ዜማው መጣ። በሌላ መንገድ ልለው አልችልም፤ በዜማ ነው የያዝኩት። ድምፄ ግቢውን ሞላው። የፖሊሶቹ ሳቅ ቆመ።

አባቴ ተነሡ።

የሱፍ ኮፍያቸውን አወለቁ። ጋቢያቸውን መስቀለኛ አጣፉና ዱላቸውን እንደ መቋሚያ ብብታቸው ሥር አድርገው አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ። ሁለቱ ሽማግሌዎች አዩዋቸውና እነሱም ተነሡ፤ ኮፍያቸውን እነሱም አወለቁ። ከፖሊሶቹ አንዱ፣ የአገሩ ልጅ ነው፣ ጠመንጃውን ወደ ጀርባው አዞረና ቆቡን በእጁ ያዘ። ግቢው ውስጥ የተቀመጠ አዛዡ ብቻ ሆነ። ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ።

በእኛ አገር መጽሐፍ በዜማ የሚነበበው ቤተ ክርስቲያን ነው። ግዕዙ ለአብዛኛው ሰው አይገባም፤ ስላልገባው ግን የሚስቅበት የለም። ወንጌል ሲነበብ ሰው ይቆማል፣ እስኪያልቅም አይቀመጥም። አባቴ ሌላ የመጽሐፍ አደማመጥ አያውቁም ነበር። ልጃቸው በማያውቁት ቋንቋ መጽሐፍ አነበበ፤ እሳቸውም የሚያውቁትን አደረጉ።

እኔ ግን የማነበውን አውቃለሁ። ሴትዮዋ የመጀመሪያው ጫማ ጠቧታል። "ይህ ጠበበኝ፣ ሰፋ ያለ የለም ወይ?" ትላለች። ዓይኔ ከገጹ ላይ አመለጠብኝና አባቴ እግር ላይ አረፈ። በረባሶ ነው ያደረጉት፤ ከመኪና ጎማ የሚሠራውን። የአንዱ ማሰሪያ ተበጥሶ በሲባጎ ታስሯል። ተረከዛቸው የክረምት መሬት በበጋ እንደሚሰነጠቅ ተሰንጥቋል፤ ከጋዝጊብላ ድረስ የመጡበት አቧራ እስከ ባታቸው ወጥቷል። በእሳቸው ፊት፣ በወንጌል ዜማ፣ ሰፋ ያለ ጫማ ይምጣልኝ እላለሁ። በዕድሜዬ እንደዚያች ሰዓት አፍሬ አላውቅም። ማቆም ደግሞ አልችልም፤ ካቆምኩ ነገ መኪናው አለ።

አዛዡ እጁን አነሣ። "ቆይ፣ ቆይ። ምንድን ነው የሚለው?"

ብዙ ነገር አፌ ላይ መጣ። ስለ ሰላም ነው ብል፣ ስለ አባት ክብር ነው ብል ማን ያውቅብኛል? ሦስት ሰዎች ኮፍያቸውን ይዘው ቆመዋል። ለቆሙበት የሚመጥን ነገር ልስጣቸው ብዬ ቋመጥኩ። የአባቴ ፊት ግን ምንም አይጠይቅም ነበር። ዝም ብሎ ያዳምጣል። እዚያ ፊት ላይ መዋሸት አቃተኝ።

"ጫማ ስለ መግዛት ነው" አልኩ።

"ምን?"

"አንዲት ሴት ጫማ ትገዛለች። እርስዎ የከፈቱት ገጽም አይደለም፤ እሱ ጋ ገና አልደረስኩም። ከስሱ መጽሐፍ በቃሌ የያዝኩትን ነው ያልኩት።"

ፖሊሶቹ በሳቅ ፈረሱ። ከመጋዘኑ በር ስንጥቅ ሥርም ሳቅ ተሰማ፤ ጓደኞቼ ሰባተኛውን ትምህርት ድሮም ያውቁታል። አዛዡም ሳቀ። "አባት፣ ሰሙት?" አለ። "ወንጌል አይደለም እኮ፣ የጫማ ገበያ ነው። በሉ ይቀመጡ።"

አባቴ አልተቀመጡም።

"ሰማሁ" አሉ ረጋ ብለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ጨርሰሃል?"

"አልጨረስኩም አባ።"

"እንግዲያ ጨርስ።" ወደ አዛዡ ደግሞ፣ "ንባብ ተጀምሮ አይቋረጥም፣ ጌታው። ሲያበቃ እንቀመጣለን" አሉት።

ድምፄ ተሰብሮ ነበር፤ እንደገና ለማንሣት ጊዜ ወሰደብኝ። አነሣሁት። ሰፋ ያለው ጫማ መጣ። ሴትዮዋ አጠለቀችው፣ ጥቂት ተራመደችበት፣ ዋጋውን ጠየቀች፣ ከፈለች፣ አመሰገነች። ሻጩም አመሰገነ። ማንም አልሳቀም። ሲያልቅ አባቴ አማተቡ፣ ኮፍያቸውን አጠለቁ፣ ድንጋያቸው ላይ ተቀመጡ። ሁለቱ ሽማግሌዎችም ተቀመጡ።

አዛዡ መጽሐፉን ከእጄ ወሰደ። ለረጅም ጊዜ ገጹን ሲያይ ቆየ፤ ከዚያ ጥጉን አጠፈና ዘጋው። "ምስጢር ያለው ሰው አባቱ ፊት እንዲህ አይዋረድም" አለ፣ ለማን እንዳለው እንጃ። ያን ቀን በዋስ አልሰጠኝም። መኪናው ግን ለእኔ አልመጣም፤ ሩቅ የሚለውንም ቃል ከእሱ አፍ ዳግመኛ አልሰማሁትም።

ወደ መጋዘኑ ከመመለሴ በፊት ስንቄን ሲያቀብሉኝ አባቴ ጠጋ አሉኝ።

"ሆናት?"

"ምኑ?"

"ጫማው።"

"ሆናት አባ። ሰፋ ያለው ሆናት።"

"ደግ" አሉ። ዱላቸውን አነሡና ከሽማግሌዎቹ ጋር ወደ በሩ ሄዱ። ሲባጎው እግራቸው ሥር ይጎተት ነበር፤ ጎንበስ ብለው አላሰሩትም። እኔም ልሰርልዎ ለማለት አፌ አልታዘዘልኝም።

ወደ መጋዘኑ ተመለስኩ። ካቦው ብርድ ልብሴን ከባልዲው አጠገብ አንሥቶ ከራሱ አጠገብ ዘረጋልኝ። "አባትህን በስንጥቁ አየናቸው" አለኝ ብቻ። ከዚያ ወዲህ "ዛሬስ ገዛች?" ብሎ የጠየቀኝ የለም። ጃፓን ያለኝም የለም፤ ከእኔ በኋላ ለገቡት ሲያስተዋውቁኝ "የእሳቸው ልጅ ነው" ይሏቸዋል። ይህኛው ስም ከፊተኛው ይልቅ ከበደኝ። በጃፓን ስቄ አልፍ ነበር፤ በዚህኛው መሳቅ አይቻልም።

ከሌሎቹ ጋር ስፈታ መጽሐፎቼን መለሱልኝ። የመጀመሪያው ሥራዬ ለአባቴ ጫማ መግዛት ነበር፤ ቆዳ፣ ሰፋ ያለ። መረቁኝ፣ አመሰገኑኝ፣ ከዚያ ለቤተ ክርስቲያን ብቻ አስቀመጡት። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ደግሞ ጫማ ይወልቃል። ስለዚህ ያ ጫማ ዕድሜውን ሙሉ ደጀ ሰላም ላይ ተቀምጦ እሳቸውን ሲጠብቅ ኖረ። ለገበያም ለመንገድም ያው በረባሷቸው ነበር። ምነው ቢሏቸው፣ "ይሄ ለምዶኛል" ይሉ ነበር። አሁን የሉም።

መኪናውም የለም፤ ብረቱ ተፈትቶ ተወስዷል። ለምን ትማራለህ ብሎ የሚጠይቀኝ ቢመጣ ዛሬም ለአዛዡ ከሰጠሁት የተሻለ መልስ የለኝም። ወፍራሙን መጽሐፍ ግን አልተውኩትም። ቀስ እያልኩ፣ አንዳንዱን ዓመት እየዘለልኩ፣ ሄድኩበት። አዛዡ ያጠፈው ጥግ እንደታጠፈ ነው፤ ገልጬ ለማየት አላስቻለኝም፣ ለማቅናትም እጄ አልሄደ። ወደ እሱ በተጠጋሁ ቁጥር ያን ግራር፣ ያን ሲባጎ አያለሁ፤ ዛሬም፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ፊቴ ይግላል።

በቅርቡ ደረስኩበት። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ባለቤቴ መስኮቱ አጠገብ ምስር ትለቅማለች። ገጹን አቀናሁትና መጀመሪያ በዓይኔ አነበብኩት፤ ሥዕል መሳዮቹ አንድ በአንድ ተናገሩ። ከዚያ ተነሣሁ። ኮፍያዬን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩና ከላይ ጀመርኩ፣ በዚያው ዜማ።

ባለቤቴ ምስሩን ትታ አየችኝ። "ምን ይላል?"

"ቆሻሻ በየትኛው ቀን ደጅ እንደሚወጣ ነው። ወረቀቱ ለብቻ፣ ጠርሙሱ ለብቻ።"

"ለዚህ ነው የምትቆመው? ተቀመጥ እንጂ፣ ጉልበትህን እያመመህ።"

"ስጨርስ" አልኳት።